ውሉ የተፈረመበት ከተማ

የአክስቴ ልጅ ከሪያድ የተመለሰችው የሁለት ዓመት ውሏ ገና አምስተኛ ወሩ ላይ እያለ ነው። እመቤቲቱ አንድ ጠዋት "ሻንጣሽን አዘጋጂ" አለቻት፤ በቃ። አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ ደግሞ "ያባረሩሽ እነሱ፣ እዚያው ክሰሺ" አላት። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን እኛ ቤት ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናል፣ ወረቀቱም እኔ እጅ ገባ። "የኔን ነገር የሚያየው የየትኛው አገር ሕግ ነው?" አለችኝ።

በዚህ ጥያቄ ብዙ የተሟገቱት ፊሊፒናውያን ናቸው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)።

በ1978 የፓኪስታን አየር መንገድ ማኒላ ውስጥ ሁለት ፊሊፒናውያን የበረራ አስተናጋጆችን ለሦስት ዓመት ቀጠረ። በ1980፣ ውላቸው ሳያልቅ አሰናበታቸው። ሲከሰስ ውሉን መዘዘ፦ የሚሠራው የፓኪስታን ሕግ ነው፣ ክርክሩን የሚያየውም የካራቺ ፍርድ ቤት ብቻ። የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 አልተቀበለውም። ውሉ የተፈረመው ማኒላ፣ ሠራተኞቹ ፊሊፒናውያን፣ አየር መንገዱም እዚያው ፈቃድ ያለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሕዝብ ጥቅም ያለበት ስለሆነ ሁለት ወገን ተፈራርሞ ከአገሩ ሕግ ማምለጥ አይችልም አለ።

በማርች 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላስዮን የተባለችን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ከስሳ ሰቀለች። አገሬው በቁጣ ተነሣ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ሕግ ቁጥር 8042 ወጣ። ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ አገሩ ላይ ይከሳል፣ ኤጀንሲውም ከውጭ አሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል። መልካም ሕግ ነው። ግን አንድ ሐረግ ተሸጉጦበታል፦ ካሣው የቀረው ጊዜ ደመወዝ፣ ወይም ለቀረው እያንዳንዱ ዓመት የሦስት ወር ደመወዝ፣ "ከሁለቱ ያነሰው"።

የዚያች ሐረግ ዋጋ በቁጥር ይታያል። በ1997 አንዲት ፊሊፒናዊት በወር 15,360 የታይዋን ዶላር ለአንድ ዓመት ተቀጥራ ታይዋን ሄደች። ጁን 26 ሥራ ጀመረች፣ ጁላይ 14 ያለማስጠንቀቂያ ተባረረች። የሥራ ክርክር ኮሚሽኑ የሦስት ወር ደመወዝ፣ 46,080 ፈረደላት። የቀሩት ወራት ግን ከአሥራ አንድ በላይ ነበሩ።

በመሃል፣ በ2009፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ መርከበኛ ክስ ሐረጓን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ትጋጫለች ብሎ ሻራት። በ2010 ምክር ቤቱ በአዲስ ሕግ ቃል በቃል መለሳት! (ከኮድ የነቀልከው ስህተት በሚቀጥለው ስሪት ተመልሶ ሲመጣ ያለውን ስሜት አውቀዋለሁ።) በ2014 የታይዋኗ ሴት ጉዳይ ሲታይ እንደገና ተሻረች። ፍርድ ቤቱ ውሉ ፊሊፒንስ ውስጥ ስለተደረገ የሚገዛው የፊሊፒንስ ሕግ ነው አለ፤ የቀረው ጊዜ ደመወዟም በሙሉ እንዲከፈላት ወሰነ።

ወደኛ ስመጣ ግን እንዲህ አልቀለለኝም። የ2005ቱ የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን በአንቀጽ 7 ያስወጣታል፤ የምትዳኘው በተለየ ደንብ ነው። ልናደድ ስል የኛን አዋጅ 1156/2011 ገለጥኩ፤ እሱም በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረን አይመለከትም። አፈርኩ። "የማን አገር ሕግ?" ለሚለውም የተጻፈ መልስ ፈልጌ አጣሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሲረቀቅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በዚህ ላይ አንቀጾች አዘጋጅቶ ነበር፤ ሕጉ ሲታወጅ ቀሩ።

የተረፈን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ነው። እሱ ኤጀንሲውን ከአሠሪዋ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገዋል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሪያድ ያለችውን እመቤት ማን ሄዶ ይይዛታል? ኤጀንሲው ግን ከኛ ቤት በአንድ ታክሲ ይደረሳል።

የውሉን የመጨረሻ ገጽ አየሁት። የተፈረመበት ቦታ፦ አዲስ አበባ። ማኅተሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ሦስት ኮፒ አስነሣንና ማክሰኞ ክሱን አስገባን።