ተማሪ ለተማሪ፦ የእርስ በርስ ማስተማር ታሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት በመቱ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ተማሪ ተማሪን ያስተምር የሚለው አሳብ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር ይሰማል። አሳቡ ግን አዲስ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ በአገራችን ያለፈበትን መንገድ ባጭሩ መቃኘት፣ የሠመረበትንና የከሸፈበትን ምክንያት ማመልከት፣ በመጨረሻም በመቱ ለሚማር የጂኦግራፊ ተማሪ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ማሳየት ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት መምህሩ ብቻውን አያስተምርም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ፊደል ያስቈጥራል፣ ንባብ ያስጠናል፤ በቅኔ ቤት አስነጋሪው የመምህሩ ቀኝ እጅ ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም የቀደመው ልጅ ተከታዩን ሲያስቀራ ማየት የተለመደ ነው። በነዚህ ቤቶች ሁለት ነገሮች ጸንተው ይገኛሉ። የሚያስተምረው ተማሪ የሚያስተምረውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚያርመው መምህርም ከአጠገቡ አይርቅም።

በዘመናዊው ትምህርት በኩል ጉልህ ሆኖ የሚታየው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወረዱ አብዛኛዎቹ በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ከነሱም መካከል ከመምህርነት ሙያ ጋር ያልተዋወቁ የሌሎች ፋኩልቲዎች ተማሪዎች ይገኙ ነበር። በዚያ ወቅት የማስተማሪያ መሣሪያም ውሱን ነበር። መስፍን ወልደ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1972 በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ያ መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ለአስተማሪውም ትምህርት ነበር። ወጣቱ በካርታ ላይ ብቻ የሚያውቀውን አገር በእግሩ ረግጦ ያየው በዚያ ዓመት ነው። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻና ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በሂደትም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪውን በየበኩላቸው እንደገና አስተማሪ አድርገውታል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዓመታት ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» በሚባል አደረጃጀት ተቧድነው እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። አሳቡ በጎ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን በብዙ ስፍራ ወደ ቅጽ መሙላት አዘነበለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባገለገለበት አንድ ኮሌጅ ያልተደረገ ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ አይቷል። ውጤቱ ከፍ ያለው አንዱ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አራቱን ተሸክሞ ሲደክም፣ አራቱ ከሱ ማስታወሻ ከመገልበጥ አላለፉም። ያ ተማሪ የተሾመው በፈተና ውጤቱ ነው። የቀሩት አራቱ ግን ምን እንደሚያውቁ ማንም አልጠየቃቸውም።

ጥያቄው በተለይ የጂኦግራፊ ትምህርትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የመቱ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከልዩ ልዩ ክልሎች የተመደቡ ተማሪዎችን ያስተናግዳል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን በጋራ እንዲማሩ ተደርጓል። እንግዲህ ክፍሉ ራሱ አንድ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመቱ ጎረቤት የሆነው፣ በፏፏቴው የሚታወቀው ሶር ወንዝ ገባ ከተባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም በጋምቤላ አልፎ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ስለ ተፈቀደላቸው፣ ጋምቤላ ለኢሉባቦር የንግድ በር ሆነች። ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ግን የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። የቀድሞዋ የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የጎሬ ቡናም ከደጋው ተዳፋቱን ወርዶ ወደዚያው ይጓዝ ነበር።

መርከቡ በበጋ ስለምን አይመጣም? መምህሩ መልሱን ሊያጽፍ ይችላል። ነገር ግን በባሮ ዳር ያደገው ተማሪ የውኃውን ሙላትና ጉድለት፣ የጎሬ ልጅ ተዳፋቱንና የቡና ለቀማውን ወራት፣ ከአፋር ወይም ከኦጋዴን የመጣው ደግሞ ዝናብ ሲጠፋ የሚሆነውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቃሉ። በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ማብራሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ለጓደኛው ሲያስረዳም ተማሪው ቃሉን ብቻ ይዞ እንደ ሆነ ወይም አሳቡን ተረድቶ እንደ ሆነ ራሱን ይመዝናል። በእንግሊዝኛ ደካማ ስለ ሆነ ዝም ብሎ የከረመው የገጠር ልጅ የሚናገርበት ዕድል የሚያገኘውም በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ የሚያስተምረው ተማሪ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ተራው መዘዋወር አለበት፤ አስተማሪነት የጎበዙ ርስት አይደለም። ሦስተኛ፣ መምህሩ ተገኝቶ ሊያርም፣ ለዚህም በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ጊዜ ሊመደብ ያስፈልጋል። እነዚህ ካልተሟሉ የእርስ በርስ ማስተማር የመምህር እጥረትን መሸፈኛ ሆኖ ይቀራል። ከተሟሉ ግን ከመቱ የሚወጣው የጂኦግራፊ ምሩቅ የሶርን ወንዝ ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም አገር አውቆ ይወጣል።