ራዲዮና የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ በዋግ ኽምራ

በ1971 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ነገሮች ተጀመሩ። ሰኔ 24 ቀን የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፈተ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ የኽምራ አገው ሕዝብ ቋንቋ ኽምጣና ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። ሁለቱ ጉዳዮች የማይገናኙ ይምሰሉ እንጂ፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ የወጣቱ የራዲዮ አደማመጥ እንዴት እንደተለወጠ ለመረዳት ሁለቱንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ራዲዮ በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ ጣቢያ ሥራውን ቢጀምርም፣ ወደ ገጠሩ በሰፊው የዘለቀው በትራንዚስተር አማካይነት ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ ራዲዮ መብራት ወዳልደረሰበት መንደር ገባ። ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን አድማጩ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነበር። ወጣቱም ዘፈን ሲጠብቅ ዜናውን፣ የእርሻና የጤና ትምህርቱን አብሮ ይሰማ ነበር። በ1960ዎቹ ማብቂያ ካሴት የሸክላን ስፍራ እየወሰደ ሲመጣ አድማጭ የመምረጥ ሥልጣን አገኘ። ይሁን እንጂ የተለመደው ካሴት ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ የሚይዝ በመሆኑና ቴፑም ብዙ ጊዜ ከራዲዮ ጋር በአንድ ሣጥን የተሠራ በመሆኑ፣ ወደ ራዲዮ መመለስ ቀላል ነበር።

ይህን ሚዛን የለወጠው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት የአንድ ደቂቃ ዘፈን 1 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ ጥፍር የምታህል ባለ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ከ30 ሰዓት በላይ የሚሰማ ዘፈን ትይዛለች።

ሆኖም ወጣቱ ከራዲዮ የራቀው ዘፈን ስለበዛለት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በኪሱ የያዘው ስልክ ራዲዮ ቢኖረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ኤፍኤምን ብቻ ነው። የኤፍኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይከልለዋል። አጭር ሞገድ ግን ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራውን ይሻገራል። የአማራ ራዲዮ በ6090 ኪሎኸርዝ አጭር ሞገድ በሩቅ አገር ይሰማ የነበረው በዚህ ጠባይ ነው። በተከዜና በፀላሪ ሸለቆዎች ለተቆራረጠው የዋግ ምድር የሚስማማውም ይኸው ሞገድ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ የቤቱን ራዲዮ ትቶ ስልኩን ሲይዝ፣ ተራራ የሚሻገረውን ሞገድ አብሮ ተወ።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ስፍራ ላላገኘው ለኽምጣና፣ የአማራ ብዙኃን መገናኛ የኽምጣና የራዲዮ ዝግጅት ቋንቋው ከቤትና ከገበያ አልፎ የሚሰማበት መድረክ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዛመት፣ መብራትና ስልክ በተቋረጠበት ቦታ ሚሞሪ ካርዱ የትናንቱን ዘፈን ከመድገም በቀር የዕለቱን ሁኔታ ሊነግር አይችልም ነበር።

ስለዚህ ወጣቱን ከመውቀስ በፊት እኛ መሐንዲሶች የድርሻችንን እንመርምር። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ አነስተኛ የኤፍኤም ማስተላለፊያዎችን በተራሮች አናት መትከል ከሙያችን አቅም በላይ አይደለም። የኽምጣናውን ዝግጅትም ዘፈን በሚጫንባቸው ሱቆች በካርድ ማዳረስ ይቻላል። ማጫወቻው የራዲዮ ጠላት የሚሆነው የራዲዮው ሞገድ ከተራራው ወዲያ ሲቀር ነው።