ከጠገራ ብር እስከ ቴሌብር

አንድ የመገበያያ ዘዴ በሕዝብ ዘንድ የሚጸናው፣ ተራው ሰው እውነተኛነቱን በራሱ ሊመረምር ሲችል መሆኑን የአገራችን የገንዘብ ታሪክ ያስረዳል።

የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ገበሬውና ነጋዴው የላዩን ጽሑፍ ማንበብ ባይችሉም፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የሉል ነጠብጣቦች እየቆጠሩ ይቀበሉት ነበር። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ቆይቶ ያወጣው የወረቀት ገንዘብ ግን በገጠሩ ገበያ በሰፊው አልገባም፤ ምስክሩ ሩቅ ያለው ባንክ እንጂ በእጅ የሚጨበጥ ብር አልነበረምና።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር፣ ገንዘብ ለብዙው ሰው በኮምፒዩተር መዝገብ የሰፈረ ቁጥር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹም ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በመሆኑም 9,900 ብር ያለው ዜጋ በስልኩ ባለአክሲዮን ለመሆን በቃ።

ይሁንና መንገዱ ቢፈጥንም የመመርመር ግዴታ አልቀረም። ከፋዩ በስልኩ የሚያሳየውን የደረሰኝ ምስል ብቻ አምኖ ዕቃ የሚያስረክብ ሻጭ፣ ነጠብጣቡን ሳይቆጥር ጠገራ ከተቀበለ ሰው አይለይም። ምስል ሊፈበረክ ይችላል፤ አስተማማኙ ማስረጃ በሻጩ በራሱ ሂሳብ ላይ የገባው ገንዘብ ነው። አክሲዮን ገዢውም ከስሙ ዝና አስቀድሞ የድርጅቱን የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ሊመለከት ይገባዋል።

ስለዚህ የክፍያን ሥርዓት የሚነድፍ መሐንዲስ ከፍጥነቱ ጋር የተራውን ሰው መመርመሪያ አብሮ ሊነድፍ ይገባል።