የታይፎይድ ምርመራ የዓድዋ እኩያ ነው

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ፓሪስ ውስጥ ፈርናንድ ዊዳል የተባለ ሐኪም የታይፎይድ ሕመምተኛ ደም የታይፎይድን ባክቴሪያዎች እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ ለባልደረቦቹ አሳየ። ዛሬ ደም ሰጥታችሁ «ታይፎይድ አለብህ» ስትባሉ ብዙ ጊዜ የተሠራላችሁ ያው ምርመራ ነው። አብሮት የሚታዘዘው የታይፈስ ምርመራ፣ ዌይል ፌሊክስ፣ ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው።

እርጅናው በራሱ ነውር አይደለም። ችግሩ ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ደንቡ ደም ሁለቴ ይወሰድ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ልዩነት ይኑረው፣ መጠኑ አራት እጥፍ ማደጉ ይታይ ነው የሚለው። ማን ሁለቴ ተመርምሮ ያውቃል?

አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚያልቅበትን የአፋምቦን ሐይቆች አካባቢ አስቡ። ሙቀቱና ውኃው ለወባ የተመቸ ነው፤ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ናት። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነስ? ግመሉን ይዞ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ለሁለተኛ ደም በሳምንቱ ይመለሳል ማለት ዘበት ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ወሬው ማን አየው፣ መቼ ተብሎ ይጣራል። የአንድ ጊዜ ዊዳል «መቼ» ለሚለው መልስ የለውም። ሲፕሮ ግን ይታዘዝበታል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

«መቼ» የሚለውን የሚነግር ነገር ከተገኘ ቆይቷል። በ1922 ዓ.ም. ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት፣ ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሕመሙ ሲጠና የሚታይ፣ ሲድኑ የሚጠፋ ነገር አዩ። ዛሬ ሲ አር ፒ እንለዋለን። ጉበት ነው የሚሠራው፤ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ሕመሙ ሲገታ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራቱንም ያሳያል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች የሚነበብ መሣሪያም አለው።

ዊዳል እስካሁን የቆየው ርካሽ ስለሆነና ሐኪሙም ታማሚውም ወረቀት ላይ የተጻፈ መልስ ስለሚፈልጉ ይመስለኛል። ሲ አር ፒም ቢሆን የበሽታውን ስም አይጠራም፤ ወባም ከፍ ታደርገዋለች። አፋምቦ ላይ የወባው ምርመራ ይቅደም፣ እሱ ኔጌቲቭ ሲሆን ሲ አር ፒ ይከተል የምለው ለዚህ ነው።