ካታ፡ ጫት የሚመደብበት የዕጽዋት ወገን

በሐረር ጀጎል ጊደር መጋላና በከተማዋ በሮች አካባቢ በየዕለቱ ለሽያጭ የሚቀርበው ጫት በሳይንሳዊ መጠሪያው ካታ ኤዱሊስ ይባላል። ካታ እጅግ አነስተኛ የዕጽዋት ወገን ሲሆን፣ በርካታ የዘርፉ ባለሙያዎች በአሁኑ ወቅት በሥሩ የሚያካትቱት ጫትን ብቻ ነው። ቀደም ሲል አብረውት ተመድበው የነበሩ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ዛፎች ሊደንበርጊያ ወደተባለ ወገን ተዛውረዋል።

ወገኑን የሰየመው ስዊድናዊው ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሕይወቱ ሲያልፍ ጽሑፉ ገና አልታተመም ነበር። የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 ለኅትመት አብቅቶታል። በኢትዮጵያ ግን ተክሉ ከዚያ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ላይ ሰፍሯል።

ጫት ሳይቆረጥ ከተተወ ከ20 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። የሐረርጌ አርሶ አደሮች ለጋ ቅጠሉን ለመልቀም እንዲያመች በአጭሩ ያሳድጉታል። የሚያራቡትም በዘር ሳይሆን በቀንበጡ በመሆኑ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦቹ ከገበያው አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም።

ተፈላጊነቱ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ ከታወቀው ካቲኖን ከተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ በአብዛኛው ካቲን ወደተሰኘ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አወዳይ ጫቱ በፍጥነት ታስሮ፣ እርጥበቱን እንዲይዝ ተጠቅልሎ ወደ ጅቡቲና ሶማሊያ የሚጫነው በዚህ ምክንያት ነው። ቡና በመጋዘን ተቀምጦ የተሻለ ዋጋ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጫት ግን አይችልም። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ጫትን ሲያግዱ ወደነዚህ አገሮች ይላክ የነበረው ምርት ሌላ ገዢ እስኪገኝ የሚቆይበት ጊዜ አልነበረውም።

ካቲኖን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል። ቅጠሉ ራሱ ግን በዓለም አቀፉ ቁጥጥር ሥር ባለመሆኑ መፍቀዱም ሆነ መከልከሉ ለየአገሩ ሕግ የተተወ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ባለመጤኑ ጉዳዩ በየመድረኩ ሲምታታ ይስተዋላል። በሐረርጌ ደግሞ ጥያቄው ከሕግም ያለፈ ነው፤ ስመ ጥሩ የሐረር ቡና ይለማባቸው ከነበሩ ማሳዎች ብዙዎቹ ዛሬ በጫት ተሸፍነዋል።