ሰባት ቤት፣ አንድ በር

ከባሕር ዳር በጠዋት የተነሣው አውቶቡስ ዳንግላን አለፈ፣ አዲስ ቅዳሜን አለፈ፤ ዳገቱን ሲጨርስ ረዳቱ አንገቱን በበሩ አውጥቶ «ኮሶ በር ወራጅ!» አለ። ትኬቴ ላይ የተጻፈው እንጅባራ ስለሆነ ንቅንቅ አላልኩም። ጥቂት ሰዎች ወረዱ፣ ጥቂት ተሳፈሩ። ሾፌሩ ማርሽ ሊያስገባ ሲል «እንጅባራ ገና ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ሻንጣዬንና ፊቴን አፈራርቆ አየና «ኧረ ጋሼ፣ ደርሰዋል! ኮሶ በር ማለት እኮ እንጅባራ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ሳቁ።

ሁለት ስም ያለው ከተማ ብርቅ አይደለም። የእንጅባራ ሁለት ስሞች ግን የተሰጡበት ዐይን የተለያየ ነው፤ የአዊን አገር ታሪክ ለማንበብ ከዚህ ልዩነት የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

በኮሶ በር ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። በደጋው የጎጃምና የጎንደር አገር «በር» ሲባል ሸንተረሩ ዝቅ ብሎ መንገደኛ የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ኮሶውም ያው የምናውቀው ኮሶ ነው፤ ደጋ የሚወድ፣ አበባው ታጥቦ፣ ተፈጭቶና ተበጥብጦ ለትል የሚጠጣው መራራ መድኃኒት። አያቶቻችን ሥጋ በጥሬው ስለሚወዱ ኮሶን ከቤታቸው አያጠፉም ነበር፤ ሻጩን ግን ይንቁ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስን እናት «ኮሶ ሻጭ» እያሉ የሰደቡት መኳንንት ራሳቸው ኮሶ ይጠጡ ነበር።

ዛሬ ኮሶ በር ላይ ቆሞ ኮሶ የሚፈልግ ሰው አንገቱን ብዙ ማዞር አለበት። ዐይን የሚሞላው ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣው የግራር ዘመድ። የፋግታ ለኮማና የባንጃ ገበሬ ማሳው ላይ እንደ ሰብል ይተክለዋል፣ ጥቂት ዓመት ይጠብቀዋል፣ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። በመንገዱ ዳር የተደረደረው ጆንያ ሁሉ የእሱ ውጤት ነው። አንድ ቀን ከተማው በዛፉ ይጠራ ቢባል ዲከረንስ በር መባል ነበረበት። ስሙ ግን ከዛፉ በላይ ዕድሜ አለው።

አንድን ቦታ «በር» ብሎ የሚጠራው ማን ነው? እዚያ የሚኖር ሰው ሊሆን አይችልም። የሚያልፍ ሰው ነው፤ ሲራራ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ግብር አምጪ። አዲስ ቅዳሜም እንዲሁ የገበያተኛ ስም ነው፤ ቅዳሜ የሚቆም አዲስ ገበያ ነበረ፣ ገበያው ከተማ ሆነ፣ አዲስነቱም ሳይጠየቅ ቀረ። ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ስም ደግሞ የዕቃ ጠባቂና የቤተ መንግሥት ቃል ነው፤ ግምጃ ውድ ጨርቅ፣ ግምጃ ቤትም የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት። እነዚህ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ትርጉማቸውም ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል።

ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ አዘና፣ መተከል ግን እንዲህ አይፈቱም። እነዚህ የሰው ስሞች ናቸው። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ ተነሥተው ዓባይ ወደሚመነጭበት ደጋ መጡ፤ አገሩንም ተካፈሉ፤ እያንዳንዱ የያዘው መሬት በስሙ ተጠራ። ሰባት ቤት አገው የሚባለው ይህ ነው። «ቤት» እዚህ ግድግዳና ጣሪያ ማለት ሳይሆን ዘር፣ ወገን፣ «የማን ቤት ልጅ ነህ?» ሲባል የሚጠየቀው ነው።

ትረካውን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት የሚይዘው የለም። ሰባት ቁጥርም ለተረት የምትመች ቁጥር ናት። በአዊኛ ሁለት «ላጛ» ሲሆን ሰባት «ላጝታ» ነው፤ አምስት ጣት ከተቆጠረ በኋላ በሌላው እጅ ሁለት የተጨመረበት ይመስላል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በዚህ መንገድ ከሁለት እስከ አራት ካሉት ጋር ይዛመዳሉ። ሰባቱ ወንድማማቾች በእርግጥ ሰባት ነበሩ ወይስ እጅ ሞልቶ ሁለት ሲተርፍ ቆጠራው ቆመ ብዬ ብቻዬን ቀልጃለሁ። ትረካው ስለ ላስታ የሚለውን ግን ቋንቋው ይደግፈዋል። የአዊ ቋንቋ በዋግ ከሚነገረው ኽምጣንጋ፣ በጎንደር ዙሪያ ሊጠፋ ከተቃረበው ቅማንትኛና በከረን አካባቢ ካለው ብሊን ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ዛሬ በመካከላቸው አማርኛና ትግርኛ ገብተው ሰፍረዋል፤ አራቱ እንደ ደሴት ተራርቀዋል።

«አገው» የሚለው ስም ራሱ በጽሑፍ የቆየ ነው። ኮስማስ የተባለው ግብፃዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ አዱሊስ ወደብ ላይ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥን የድል ጽሑፍ ከድንጋይ ገልብጦ ነበር፤ ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል «አታጋው» የሚል ይገኝበታል፤ ብዙዎች አገው ነው ይሉታል። ኮስማስ በራሱ ቃል ደግሞ የአክሱም ንጉሥ ወርቅ ለማስመጣት ነጋዴዎቹን የሚልከው በአገው ገዥ በኩል እንደሆነ ጽፏል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከባለ ወርቆቹ ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ዕቃ በዕቃ ይለውጣሉ። እንግዲህ ያን ጊዜም አገው ለማዕከሉ ሰው መተላለፊያ ነበር። በር!

ከዚያ የዛጕዌ ዘመን መጣ፤ መተላለፊያ የነበረው ሕዝብ ራሱ ዙፋን ላይ ወጣ። የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ዘር ሲዛወር አገው የሚለው ስም ወደ ዜና መዋዕሉ ዳር ተገፋ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የአገው ሕዝብ ከሰሜን እስከ ጎጃም እንዴት ከክርስቲያናዊው መንግሥት ጋር እየተጋጨና እየተዋሐደ እንደኖረ በዝርዝር ጽፈዋል።

«አገው ምድር» የሚለው አጠራር የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። ቃሉ የግዕዝ ቤት አለው፤ የበጌምድር ወንድም ነው። ምድር ብሎ የሚጠራ ሰው ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ ካርታ እንደሚያይ፣ ግብር እንደሚቆጥር። የሠርፀ ድንግልና የሱስንዮስ ዜና መዋዕሎች አገው ምድርን የሚያነሡት በብዛት ሲዘመትበት ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊውን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝን አስከትለው ግሽ ዓባይ ሲደርሱ በምንጩ ዙሪያ የነበሩት አገዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግሽ ዓባይ ያለችበት ሰከላ ከአዊ ዞን ወሰን ውጭ ናት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ሲደርስ አገዎቹ ምንጩን ሲያከብሩ አገኛቸው።

ብሩስ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን ሁሉም ይጠቅሰዋል። እኔ የምወድለት ስለ ቅቤ የጻፈውን ነው። አገዎች ብዙ ሆነው ተከታትለው ጎንደር ይገባሉ ይላል፤ ከብት፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳና ቅቤ ይዘው። ቅቤው በሩቅ መንገድ ቀልጦ እንዳይበላሽ «መቅመቆ» የሚባል ሥር ይጨምሩበታል። ዛሬም ቅቤ ስታነጥር መቅመቆ የምትጨምር ሴት ይህን ብትሰማ «ምኑ ይገርማል?» ነው የምትለው። የጎንደር ነገሥታት አገው ምድርን በጦር ቢጠሩትም ሆዳቸው የሚያውቀው በቅቤና በማር ነበር።

ዳንግላ የራሷ ታሪክ አላት። ብሪታኒያ ጣና ሐይቅን ገድባ ሱዳንንና ግብፅን ለማጠጣት ስታስብ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላዋን ያስቀመጠችው ዳንግላ ነው። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎ ሲለካ ኖረ፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ። ለሎንዶን ዳንግላ የውሃ ስም ነበረች ማለት ይቻላል። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ዳንግላና እንጅባራ የጦር ምሽግ ስም ሆኑ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ካቆሙ በኋላ ጉዞው የቀጠለው በበላያና በመተከል በኩል ነበር። በየካቲት ወር ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀቁ፤ እንጅባራም በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ጦርና በጎጃም አርበኞች እጅ ገባች። በእንግሊዞቹ የጦር ማስታወሻ ላይ ስሟ በተለያየ ፊደል ተንሻፎ ይገኛል። ይህን ስል እኛም ብንሆን እስከ ዛሬ «እንጅባራ»፣ «እንጂባራ»፣ «ኢንጅባራ» እያልን እንደምንጽፋት አልረሳሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ከከፈትንባት በኋላም።

ከነጻነት በኋላ አገው ምድር የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ሆነ፤ ዋና ከተማውም ዳንግላ። «አዊ» የሚለው ስም በይፋ ማኅተም ላይ የወጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ስሙ ግን አዲስ አልነበረም፤ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ራሱን የሚጠራበት ነው። ቋንቋውን እኛ አዊኛ እንላለን፤ እነሱ «አውጚ» ይላሉ። ያቺ በአፍንጫ የምትወጣ ድምፅ በአማርኛ ፊደል ገበታ ስለሌለች «ጘ» የሚለው ፊደል ያገለግላታል፤ በብሊን ጽሑፍም የሚታይ ፊደል ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የራሳቸውን ምክር ቤት ይሰጣል፤ ዞኑም «የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር» ይባላል። ምድሩ የሰዉን ስም ይዞ ይጠራ ነበር፤ አሁን ሰዉ ራሱን የሚጠራበትን ስም ያዘ።

ይህን ሳስብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉት ሳሞአዎች ይታወሱኛል። በታንኳ ባሕር አቋርጠው ከሦስት ሺህ ዓመት ትንሽ ባነሰ ጊዜ በፊት በደሴቶቹ የሰፈሩ ሕዝቦች ናቸው። ፈረንሳዊው ቡገንቪል እ.ኤ.አ. በ1768 ሲያልፍ የቀዘፋቸው ብልሃት አስደነቀውና «የመርከበኞች ደሴቶች» አላቸው። መንገደኛ የሰጠው ስም፤ እንደ ኮሶ በር። በ1899 ጀርመንና አሜሪካ ተካፈሏቸው፤ የጀርመኑ ድርሻ በ1914 ለኒው ዚላንድ አለፈ፤ በ1962 ነጻ ሲወጣም «ምዕራብ ሳሞአ» ተብሎ ነበር። «ምዕራብ» የምትለዋን ቃል የጣሉት በ1997 ነው። ነጻ ከወጡ ከ35 ዓመት በኋላ! በአሜሪካ ሥር ያሉት ወንድሞቻቸው ደግሞ «ስማችንን ለብቻችሁ ልትወስዱት ነው» ብለው ተቆጡ።

ይህ የወንድማማች ቁጣ ወደ መተከል ይመልሰኛል። ከሰባቱ አንዱ ነው። በድሮው አከፋፈል የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ቻግኒ ነበረች። ዛሬ ቻግኒ በአዊ ዞን ውስጥ ስትሆን፣ መተከል የሚለው ስም የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞን ሆኖ ዋና ከተማውን ግልገል በለስ ላይ አድርጓል። ስሙ ወዲያ ሄደ፤ ከተማው ወዲህ ቀረ። በመተከል ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው አብረው ይኖራሉ፤ ስለዚህ ዛሬ መተከል የሚለው ቃል በአንድ ወንድም ልጆች ብቻ ሊያዝ የሚችል አይደለም። ሰባት ቤት ሲቆጠር ግን መተከል አሁንም ይቆጠራል፤ ክልል ተሻግሮ ቆጠራውን ያጎደለ ሽማግሌ አልገጠመኝም።

ቆጠራው በይፋ የሚሰማበት ቀን ጥር 23 ነው። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን አሰልፎ ይጋልባል፤ ዓድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። ዕለቱ የጊዮርጊስ ነው፤ የካቲት 23 ዓድዋ ላይም ጊዮርጊስ ነበር። ፈረሱ በቀይ፣ በብጫና በአረንጓዴ ጥልፍ ያጌጣል፤ ከየቤቱ የመጣ ፈረሰኛ ከየቤቱ ጋር ይሰለፋል። ወረዳ የማያውቅ ሕፃን ሳይቀር የቆመው የማን ቤት ጎን እንደሆነ ያውቃል።

እኔ የደረስኩት ግን በተራ ማክሰኞ ነበር፤ ፈረስም ጥልፍም የለም። ሻንጣዬን አውርጄ መገንጠያው ላይ ቆምኩ። አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛው ወደ ምዕራብ ቆላው ይወርዳል። በዚያኛው ጫፍ አንዲት ሚኒባስ ሞተሯን አስነሥታ ትጠብቃለች፤ ሁለት ሰው ጎድሏታል። ረዳቷ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ነው። በሯ ላይ ተንጠልጥሎ የአንደኛውን ወንድም ስም ይጣራል፦ «መተከል! መተከል! ሁለት ሰው፣ መተከል!»