«አነሣሁ» እና «ተነሣሁ»፦ ኩባ የተማሩት ልጆች የገጠማቸው ሰዋስው

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ተማሩ። ከእነሱ ውስጥ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው «የወጣቶች ደሴት» ላይ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ በስፓኒሽ። ቋንቋው ካልገባ ሒሳቡም ሳይንሱም አይገባም ማለት ነው።

እስቲ በእነሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። «ሌባንቴ» ማለት «አነሣሁ» ነው። ከፊቱ «ሜ» ሲገባ፣ «ሜ ሌባንቴ»፣ «ተነሣሁ» ይሆናል። «ተነሣህ» ለማለት «ቴ ሌባንታስቴ»፣ «ተነሣ» ለማለት «ሴ ሌባንቶ»፣ «ተነሣን» ለማለት «ኖስ ሌባንታሞስ» እንላለን። ልብ በሉ፦ ስፓኒሽ የፊቱንም የኋላውንም ይቀይራል። አማርኛ ግን «ተ»ን ሳይነካ መጨረሻውን ብቻ ይቀይራል፦ ተነሣሁ፣ ተነሣሽ፣ ተነሣች።

ልዩነቱ የመጣው ከታሪካቸው ነው። የስፓኒሹ «ሴ» ከላቲን የወረሰው ተውላጠ ስም ነው፤ «ራሱን» እንደማለት። የእኛ «ተ» ግን ተውላጠ ስም ሳይሆን የግሡ አካል ነው። በግዕዝም በዐረብኛም አለ፤ ዘመዱ ከ4,000 ዓመት በፊት በተጻፈ አካድኛ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ጋሞኛን ካያችሁ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ ቅጥያዎቹን የሚደረድረው ከግሡ በስተኋላ ነው።

ስለዚህ ቃል በቃል መተርጎም ያሳስታል። «ሜ ሌባንቴ»ን «ራሴን አነሣሁ» ብትሉት ከትራስ ላይ ጭንቅላታችሁን ቀና አደረጋችሁ እንጂ ከአልጋ አልወረዳችሁም!

የሚገርመው፣ በተለያየ መንገድ የመጡት «ሴ» እና «ተ» ሌላም ሥራ ይጋራሉ። ምዕራብ ዓባያ ላይ «ሙዙ ተሸጠ» ቢባል፣ ሙዙ ራሱን ገበያ አውጥቶ ሸጠ ብሎ የሚያስብ የለም። ስፓኒሽም እዚህ ላይ «ሴ ቤንዲዮ» ይላል፤ ሻጩ ሳይጠራ።

ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ነቃሁ» በስፓኒሽ «ሜ ዴስፔርቴ» ነው፤ እዚያ «ሜ» አለ፣ እዚህ «ተ» የለም። ስለዚህ አዲስ ግሥ ስታጠኑ ብቻውን አትያዙት። «አነሣሁ»ን ከ«ተነሣሁ» ጋር እንደምታውቁት ሁሉ፣ «ሌባንቴ»ንም ከ«ሜ ሌባንቴ» ጋር አጣምራችሁ ያዙት።